ከሸክላ ሠሪዎቹ ተርታ

አምበር፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለመሪጌታ አካለ ወልድ
መርጡለ ማርያም

መሪጌታ ሆይ፣ ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? የዚያ አገር ብርድ ከእኛም ይብሳል ይላሉ። ረስተውት የሄዱትን ወፍራሙን ጋቢ አጥቤ ለመልእክተኛዎ ለደምለው ሰጥቼዋለሁና ማልደው ማሕሌት ሲቆሙ ይደርቡት። የእኔን ጤና ከጠየቁ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነውን ወረድ ብዬ እጽፈዋለሁ።

የቤቱ ወሬ ይህ ነው። ጤፉ ደርሷል፤ አራሻችን በላቸው «ሰሞኑን ማጭድ ይገባበታል» ብሏል። ላሚቱ ወንድ ጥጃ ወለደች። በክረምቱ ጣራው በመጻሕፍትዎ በኩል አፍስሶ ነበር፤ እኔ ግን ቀደም ብዬ ወደ ቆጡ አውጥቻቸው ስለ ነበር አንድም ቅጠል አልራሰ። በእግርዎ የተተካው ደቀ መዝሙርዎ ልጆቹን በደንብ ይዟቸዋል። ብቻ ሲቆጣ ድምፁን እንደ እርስዎ ለማወፈር ስለሚሞክር ልጆቹ ፊታቸውን አዙረው ይስቁበታል። ቅኔ ሲቆጥሩ ከሚቀመጡባት፣ ከጽዱ ሥር ካለችው ድንጋይዎ ላይ ግን አልተቀመጠም። ማንም አልተቀመጠባትም።

ደምለው ያመጣልኝን መልእክት ሰማሁ። ከበቅሎው ሳይወርድ ነው የነገረኝ፤ ቃሉ ቶሎ ከአፉ እንዲወጣለት የቸኮለ ይመስል ነበር። «መሪጌታ እንዲህ ብለዋል» አለኝ። «ጭቃውን ትተወውና እጇን ትታጠብ፤ ያን ጊዜ አገሬ እገባለሁ። አልተውም ካለች ደግሞ ምን ጎድሎባት እንደ ሆነ በራሷ ቃል ትንገረኝ።»

ደምለው ደግ ሰው ነው። ነገር ግን መልእክት እሱ እጅ ሲገባ እንደ አሞሌ ጨው በየመንገዱ እየተሸረፈ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዳዊት ሲያስደግሙኝ ባስተማሩኝ ፊደል ራሴ ጽፌልዎታለሁ። መስመሩ ቢጣመም ይታገሡኝ።

«ምን ጎደለሽ?» ያን ቀንም የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር።

ከጓዳው በር ጥግ የነበረችውን ትንሿን ማድጋ ያስታውሳሉ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከእሷ እየቀዱ ይጠጡ ነበር። «ይህች ማድጋ ውሃ ታቀዘቅዛለች፤ ከየት አመጣሻት?» ሲሉኝ «ከማሬ ቤት» እልዎ ነበር። ማሬ ከወንዙ ማዶ ያለችው ሸክላ ሠሪ መሆኗን አገሩ ሁሉ ያውቃልና ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም። በኋላ ጎረቤታችን ፈንታዬ መጥታ «ሚስትዎን ከማሬ ደጅ ተቀምጣ ጭቃ ስታቦካ በዓይኔ በብረቱ አየኋት» አለችዎ። ገብተው ጠየቁኝ። እኔም «አዎ፣ እውነት ነው። ይህችንም ማድጋ የሠራኋት እኔ ነኝ» አልሁ።

በሁለት እጅዎ አንስተው ወደ ውጭ ይዘዋት ወጡ። ስትሰበር እንዳልሰማ ጆሮዬን ያዝሁ። እርስዎ ግን ከአጥሩ ሥር፣ ፀሐይ በማያገኛት በኩል፣ ቀስ ብለው አስቀምጠዋት ተመለሱ። አልሰበሯትም። ከዚያ ቆመው አዩኝና «የብር ጓል ብለው ዳሩልኝ፤ የጭቃ ጓል ሆነሽ አገኘሁሽ» አሉኝ።

ተቆጥተው እንኳ ቅኔው ከአፍዎ አልጠፋም። ስሜን እንዲህ ሲገለብጡት ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር። ያን ቀን አልሳቅሁም፤ እርስዎም አልሳቁም። «ምን ጎደለሽ?» አሉኝ። «እህል ጎደለሽ? ልብስ ጎደለሽ? የቄስ ልጅ ነሽ፣ የመሪጌታ ሚስት ነሽ፤ ምን ጎድሎሽ ነው ከዚያ የምትወርጂው?» ዝም አልሁ። ዝምታዬን ንቀት አድርገው ወሰዱት። ንቀት አልነበረም፤ መልሱን ስላላወቅሁት ነው። አሁን የማውቀው ይመስለኛልና ከመጀመሪያው ልጀምርልዎ።

ነገሩ የጀመረው ካቻምና የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተራዬ በደረሰ ጊዜ ነው። የጠላው ጋን ተሰነጠቀብኝና ሌላ ላዝዝ ወንዙን ተሻግሬ ወደ ማሬ ቤት ወረድሁ። ያን ጊዜ እኔም እንደ ሌላው ሰው ከደጃቸው አልፌ አልገባም ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ተጣራሁ። ማሬ አልመለሰችልኝም።

ከቤቷ ፊት ካለው ወይራ ጥላ ሥር አንድ ትልቅ እንስራ እየሠራች ነበር። ዕቃው አይዞርም፤ እሷ ናት የምትዞረው። አጎንብሳ፣ አንድ እጇን ከውስጥ አንድ እጇን ከውጭ አድርጋ፣ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ትዞረዋለች። ጭቃው ከእጇ ሥር እየሳሳ ወደ ላይ ይወጣል። አንገቱ ላይ ደርሳ ነበር። ዳግመኛ ተጣራሁ፤ ቀና አላለችም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ዓይኗ ተከፍቷል፤ የሚያየው ግን እኔን አልነበረም፣ እንስራውንም ያየ አልመሰለኝም።

መሪጌታ፣ ያን ፊት አውቀው ነበር።

ቅዳሜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለእሑድ ቅኔ ሊቆጥሩ ሲቀመጡ የሚይዙት ፊት ነበር። ስንት ዘመን ሙሉ ውሃ ተሸክሜ በዚያ ፊት አጠገብ አልፌያለሁ! «እራት ደርሷል» ብዬ እጠራዎታለሁ፤ አይሰሙኝም። ዝንብ ግንባርዎ ላይ ይመላለሳል፤ አያባርሩትም። ከዚያ ድንገት ይነሡና ፊትዎ በርቶ ወደ ቤት ይገባሉ፤ ከገበታው ሲቀርቡ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነው የሚመስሉኝ። እኔም በልቤ «የት ደርሰው መጡ?» እላለሁ። አንድ ቀን አፍ አውጥቼ ጠየቅሁዎ። «አንቺ የማትገቢበት አገር ነው» ብለው ሳቁ። በፍቅር ነው የሳቁት፣ አልተቀየምሁዎትም። ብቻ አልረሳሁትም።

ያን ቀን ከማሬ ደጅ ቆሜ፣ ያ አገር ሌላም በር እንዳለው አየሁ።

ማሬ አንገቱን ጨርሳ ቀና ስትል ደነገጠች። «ይቅር ይበሉኝ እሜቴ፤ አንገቱ ላይ ስደርስ ሰው አይታየኝም» አለችኝ። ጋኑን አዘዝኋት። አዝዤ ግን እግሬ አልሄድ አለኝ። «አንድ ጊዜ ልንካው?» አልኋት። የቀለድሁባት መስሏት ፊቴን አየች። ከዚያ እፍኝ የምታህል የታሸ ጭቃ ቆርሳ ሰጠችኝ። ቀዝቃዛ ናት፣ ከመጠኗ ይልቅ ትከብዳለች። ጨበጥኋት። የጣቶቼን ምልክት ይዛ ቀረች። ሊጥም ስንት ጊዜ ጨብጫለሁ፤ ሊጥ ግን ተመልሶ ይሞላል፣ የጨበጡትን ይረሳል። ይህች አልረሳችም። ወንዙን ስሻገር እጄን አልታጠብሁም፤ እንደ ደረቀብኝ ቤት ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ እርስዎ ወደ ጉባኤው ሲሄዱ እኔ ወደ ማዶ መውረድ ጀመርሁ። ማሬ አልወደደችውም። «ይቅርብዎ እሜቴ» አለችኝ። «እኛስ ተወልደንበት ነው። ሰው ቡዳ ሲልዎት ይችሉታል?»

«አንቺ ችለሽው የለም?» አልኋት።

«እኔ አልቻልሁትም። መሄጃ ስለሌለኝ ኖርሁበት እንጂ ማን ይችለዋል?»

አፈርሁ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ስጣራ የኖርሁት እኔም ነኝና። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቷ ገብቼ ተቀመጥሁ፤ የሰጠችኝንም ቆሎ በላሁ። ከዚያ በኋላ «እታለም» እላት ጀመር፤ እሷም «እሜቴ» ማለቱን ትታ በስሜ ጠራችኝ።

አፈሩ እጅን ከመውደዱ በፊት ብዙ ያለፋል። ተቆፍሮ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፤ ከተፈጨ ገል ጋር ተለውሶ በእግር ይታሻል። እኔ የሠራሁት ሁሉ መጀመሪያ ላይ ገና እጄን ሳነሣ ይወድቃል፤ ያልወደቀው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እታለም ማሬ ስብራቱን አይታ «እዚህ ላይ ቸኩለሻል» ትለኛለች። ሌላ ቀን «እዚህ ላይ ፈርተሻል» ትላለች። ሌላ ቀን ደግሞ «ከሰው ተጣልተሽ ነው የመጣሽው» አለችኝ፤ እውነቷን ነበር፣ ከፈንታዬ ጋር በአጥር ተነጋግረን ነበር። ለሰው የምደብቀውን ጭቃው እንዴት እንደሚያውቅብኝ እንጃ።

አንድ ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሠራ «እታለም፣ ሌላ መተዳደሪያ ቢኖርሽ ይህን ትተይው ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት።

ሳቀች። «እናቴ ስትሠራ አየሁ፣ ሠራሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ?» አለች። እጇን ሳታቆም ግን «አንዳንድ ቀን አለ» አለችኝ። «ገና ስነካው ጭቃው ራሱ የሚሄድበትን ያውቃል። የእኔ ሥራ መከተል ብቻ ይሆናል። ያ ቀን መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ስለዚህ በየቀኑ እቀመጣለሁ።»

እርስዎም ለደቀ መዛሙርትዎ ስለ ቅኔ እንዲህ ሲነግሯቸው ከጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። ቃሉ ሌላ ነው እንጂ ነገሩ ይኸው ነው።

ሰው ግን ሌላ ምክንያት ፈለገልኝ። ፈንታዬ «ልጅ ስለሌላት ነው፤ ጭቃ ታቅፋ ትውላለች» አለች። እርስዎም ይህንኑ አስበው እንደ ነበር ከዓይንዎ አይቻለሁ፤ ስላዘኑልኝ ግን አልተናገሩትም። መሪጌታ፣ ልቤን ገልብጬ አይቼዋለሁ። የልጅ ነገር የራሱ ቦታ አለው። እሱ ሲመጣብኝ ተቀምጬ አለቅሳለሁ እንጂ ማድጋ አልሠራም። ጭቃ ስይዝ ስለ ልጅ አላስብም። ጭቃ ስይዝ መካንም አይደለሁም፣ እናትም አይደለሁም፤ እጅ ብቻ ነኝ።

ሌሎቹ ደግሞ «ለክፏታል» አሉ። እርስዎም ቢጨንቅዎ ጠበል ወሰዱኝ። እዚያ የሆነውን ለማንም አልነገርሁም፤ ዛሬ ለእርስዎ ልንገርዎ። ከጠበሉ ሥር ቆምሁ። አጥማቂው መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው «ማን ነህ? ተናገር! ከየት አገኘሃት?» እያሉ ይጮኻሉ። እኔም የሚናገር ካለ ይናገር ብዬ ከልቤ ጠበቅሁ። ማንም አልተናገረም። ውሃው ራሴን ይመታኛል፣ ብርዱ ያንቀጠቅጠኛል። ከእግሬ ሥር ያለው አፈር ግን ምን ያለ አፈር መሰለዎ! ለስላሳ፣ የሚሳብ፣ ጠጠር የሌለበት! ለካ ሳላውቀው በእግሬ ጣቶች እያሸሁት ኖሯል። አጥማቂው ስወዛወዝ አይተው «ያዟት፣ ሊወጣ ነው!» ሲሉ ሳቄ አመለጠኝ። እርስዎ ከዳር ቆመው ሳቄን ሲሰሙ ፊትዎ አመድ መሰለ፤ ጋኔኑ የሳቀ ነው የመሰለዎ። መሪጌታ፣ የሳቅሁት እኔው ነበርሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ያውቁታል። የደቀ መዛሙርቱ ወላጆች ልጆቻቸው ከቤታችን እህል እንዳይቀምሱ ከለከሉ። የማኅበሩ ሴቶች መጀመሪያ የምጠጣበትን ዋንጫ ለብቻ አደረጉት፣ ቀጥለው ተራዬን አለፉኝ። ከመርጡለ ማርያም «መጥተው ያስተምሩልን» የሚል ጥሪ ሲመጣልዎ መጻሕፍትዎን ከፊሉን ጭነው ሄዱ። በቁርባን የተጋባን ነንና «ፈታሁሽ» አላሉኝም። «ደህና ሁኚ»ም አላሉኝም። በቅሎዋን ከደጅ አዙረው ሊያወጧት ሲሉ ግን ቀና ብለው ጣራውን አዩት፤ ክረምቱን ይችል እንደ ሆነ የሚመረምሩ ይመስል ነበር። ያን አይቻለሁ።

ክረምቱ ረዘመብኝ። ወንዙ በሞላ ቁጥር ከማዶ ተቆርጬ እውላለሁ፤ ጎደለ ሲሉ እወርዳለሁ። እታለም ማሬ ዝናቡን ሙሉ ከቤቷ ውስጥ ስትሠራ ከረመች። ፀሐይ ስትወጣ በአንድ ጊዜ ልትተኩሳቸው እንስራውን፣ ድስቱን፣ ማድጋውን በግድግዳው ዙሪያ ደረደረችው። የእኔም ከመካከሉ ነበረበት። መስቀል ሲያልፍ ሳሉ ያዛት። መጀመሪያ «ብርድ ነው» አለች። በኋላ መነሣት አቃታት። ተኝታ ወደ ዕቃዎቹ እያየች «እሳት ያልገባው ሸክላ ገና አፈር ነው። አንድ ዝናብ ቢያገኘው ተመልሶ ይሄዳል» ትለኝ ነበር።

«እኔ እተኩሰዋለሁ» አልኋት።

«ተኩሰሽ አታውቂም።»

«አንቺ ንገሪኝና እኔ አደርገዋለሁ።»

ዓይኗን ጨፍና ስለ ነፋሱ፣ ስለ ኩበቱ፣ እሳቱ ምን ዓይነት ቀለም ሲይዝ እንደማይነካ ነገረችኝ። እየነገረችኝ እንቅልፍ ወሰዳት። ጥቅምት ሳይጋመስ ዐረፈች።

ለቀብሯ ከማዶ ሰዎች ሌላ የወጣሁ እኔ ብቻ ነበርሁ። ልጆቿ ተድረው ሩቅ አገር ናቸውና በወቅቱ አልደረሱም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥሁ። ስንመለስ ፈንታዬ በመንገዱ ስታልፍ አየችኝ። እኔም አየኋት። ነጠላዬን ወደ ፊቴ አልሳብሁም።

ሠልስቷ ካለፈ በኋላ ዕቃውን አውጥተን ከሜዳው ጉድጓድ ደረደርነው። የማዶ ሴቶች ኩበትና ጭራሮ አቀበሉኝ፤ እሳቱን ግን «ለአንቺ ነው የነገረችሽ» ብለው ለእኔ ተዉልኝ። ለኮስሁት። መጀመሪያ እንደ ነገረችኝ ሄደልኝ። በኋላ ነፋሱ ዞረ። ማልበሻ ገለባ እየጣልሁ ብሮጥም እሳቱ በአንድ በኩል ቀድሞ ገባ፤ ከውስጥ ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። መሪጌታ፣ እያንዳንዱን ደረቴ ላይ ነው የሰማሁት። እታለም ማሬ ዝናቡን ሙሉ የሠራችውን በአንድ ቀን ሰባበርሁባት። ሲበርድ ብንቆፍር ከተረፈው የሚበልጠው ገል ነበር። ከሴቶቹ አንዷ ትከሻዬን ይዛ «ማሬም ስትጀምር እንዲሁ ነበረች፤ እናቷ ናት የነገረችኝ» አለችኝ። አላመንኋትም። ቤቴ ገብቼ ከነአመዴ ተኛሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ታጠብሁ፤ ቁርስ ለበላቸው ሰጠሁ፤ ላሚቱን አለብሁ። ከዚያ መቆፈሪያ ይዤ አፈር ላመጣ ወረድሁ። ማንም አልላከኝም። ከመንገዱ መካከል ነው «ወዴት ነው የምሄደው?» ብዬ ራሴን የጠየቅሁት።

«ምን ጎደለሽ?» ላሉኝ መልሱን ያገኘሁት እዚያ መንገድ ላይ ቆሜ ነው። ያን ጠዋት የጎደለኝ ብዙ ነበር። እርስዎ የሉም። ማኅበሩ የለም። ማሬ የለችም። የሠራነውም ተሰብሯል። ሰው የጎደለውን ሊሞላ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ጠዋት ጭቃ ምኑንም እንደማይሞላልኝ አውቅ ነበርና ተመልሼ በተኛሁ። እጄ ግን ወረደ፤ እኔም ተከተልሁት። እርስዎስ መሪጌታ፣ ምን ጎድሎዎት ነው ቅኔ የሚቆጥሩት? እሑድ ያንን ያማረ ቅኔ አንድ ጊዜ ይቀኙታል፤ በዚያው ያበቃል፣ ዳግመኛ አይቀኙትም። ሰኞ «ምን ጎደለዎ?» ብሎ የጠየቀዎ ሰው አለ? ለሚቀጥለው እሑድ ሌላ ለመቁጠር ይቀመጣሉ። እኔም እንደዚያው ነኝ። እርስዎ የሚደርሱበትን አገር አይቼ ቀናሁ፤ በማውቀው በር ገባሁ። ከእርስዎ ልርቅ ብዬ አይደለም። ወደ እርስዎ ነበር የምሄድ የመሰለኝ።

ከእሳቱ የተረፉትን ይዤ በገበያው ቀን ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ወጣሁ። ተርታቸው የት እንደ ሆነ ያውቃሉ፤ ከአህዮቹ መቆሚያ በታች፣ አቧራው ከሚበዛበት ነው። እንስራዎቹ የእታለም ማሬ ናቸው፤ አንዲት ድስት ብቻ የእኔ። ገንዘቡ ለልጆቿ እንዲደርስ የእሷን አስቀድሜ ሸጥሁ። የምንተዋወቀው ሰው ሁሉ በዚያ አለፈ። አንዳንዱ እንዳላየ ሆነ። አንዳንዱ ቆሞ አየኝና ከራሱ ጋር እየተነጋገረ ሄደ። ፊቴ ይቃጠል ነበር፤ አልዋሽዎትም። ተነሥቼ ልሄድ ስል አንዲት አሮጊት ከፊቴ ቆሙ። በአማኑኤል በኩል የመጡ ይመስለኛል፤ እኔ አላውቃቸውም። ድስቷን አንስተው በጣታቸው አጥንት መቷት፤ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሟት። ደግመው መቷት።

«ማን ሠራት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

«እጅሽ ይባረክ።» ለዋጋዋ ድስቷን ባቄላ ሞልተው ለእኔ አፈሰሱልኝና ባዶዋን ድስት በነጠላቸው አዝለው ሄዱ። የማን ልጅ እንደ ሆንሁ አልጠየቁኝም፣ የማን ሚስት እንደ ሆንሁም አልጠየቁኝም። ዛሬ የት ምድጃ ላይ ተጥዳ፣ ለእነ ማን ወጥ እየሠራች እንደ ሆነ አላውቅም። ሳስበው ደስ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ የገበያ ቀን አላለፈኝም።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፤ አልተወውም። ይህን ቃል ከመጻፌ በፊት ብዕሩን ስንት ጊዜ አስቀምጬ አነሣሁት። ቤቱ ቤትዎ ነው፣ እኔም ሚስትዎ ነኝ፤ በቆረብነው ቁርባን የማምን ነኝ። በዚህ አንድ ነገር ብቻ እሺ ልልዎት አልቻልሁም።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልዘጋው ነበር። ዛሬ ጠዋት ደምለው ጨርሼ እንደ ሆነ ሊያይ መጣና ጠላ ቀድቼለት ስንጫወት አንድ ነገር አመለጠው። እዚያ አገር ከአንድ ዝክር ላይ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ሳላችሁ፣ አንድ ቄስ «መሪጌታ፣ ባለቤትዎ ከአገር ቤት ብቻቸውን ምን እየሠሩ ይውላሉ?» ብለው ጠየቁዎ አለኝ። እርስዎም «ሸክላ ትሠራለች» ብለው መለሱ አለኝ።

«ከዚያስ ምን አሉ?» አልሁት።

«ምንም። ዳቦ ቆርሰው ለአጠገባቸው ሰው ሰጡ።»

«ፊታቸውስ? ሲናገሩት ፊታቸው እንዴት ነበር?»

ደምለው ጥያቄው ገረመው። «እንደ ወትሮው ነዋ» አለኝ። ጠላውን ሳይጨርስ ለምን እንዳለቀስሁ አልገባውም፤ «ምን ክፉ ተናገርሁ?» እያለ ተጨነቀ። ምንም ክፉ አልተናገረም።

እንግዲህ ከተቻለዎ እንዲህ ያድርጉልኝ። የሚመጡ ከሆነ ሲመሽ በጓሮ መንገድ አይምጡ። በገበያ ቀን፣ በላይኛው መንገድ፣ ሰው ሁሉ እያየ በበቅሎዎ ይግቡ። ከአህዮቹ መቆሚያ በታች ሲደርሱ ልጓሙን ሳብ ያድርጉት። መውረድ እንኳ አያስፈልግዎም። ባል ሚስቱን እንደሚጠይቅ «እንደምን ዋልሽ?» ይበሉኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅዎም። ከዚያ ዕቃዬን ሰብስቤ አብረን ወደ ቤት እንሄዳለን። የማይሆንልዎ ከሆነም አልፈርድብዎም። ብቻ በየገበያው ቀና እያልሁ የላይኛውን መንገድ ማየቴን አልተውም።

የቆሙባት የመርጡለ ማርያም እመቤት ጉልበትዎን ታጽናልዎ፣ ዓይንዎን ታብራልዎ፣ ከክፉ ብርድ ትሰውርዎ። በቅዳሴው ሰዓት የእታለም ማሬን ነፍስ ያስቡልኝ፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው። የእኔን ያውቁታል።

ሚስትዎ
የብርጓል